«የስፌት ትምህርት» የተጻፈበት ካሴት

ለወንድሜ ለሚላድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህን ሰቅዞ የያዘህ ነገር ለቀቀህ? ሂንድስ ከወሊዱ በደንብ አገገመች? ትንሿ ጋሊያስ ጡት ትጠባለች? ጥርስ ጀመራት? እዚያ ጀርመን፣ ብሬመን ብርዱ ገብቷል ብለው ነግረውኛል፤ አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ካልሲ የምትጠላ ሰው ነህና አደራህን እግርህን አሙቅ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። አባባም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ደረጃ ሲያይ እንቢ ይላቸዋል። ባለቤቴ ሻዕባን ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጄኔሬተር ይጠግናል፣ ጄኔሬተሩም ቀኑን ሙሉ ይበላሻል። መብራት እንደ ልማዱ ሲሻው ይመጣል ሲሻው ይሄዳል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ፖስታው ውስጥ ጣትህን ብትሰድ አንዲት ትንሽ ፍላሽ ታገኛለህ። የአጎታችን ልጅ ሳልም ከትሪፖሊ በቱኒስ በኩል ወደ እናንተ ሲበር በደረት ኪሱ ይዞልህ እንዲመጣ ለምኜው ነው። ምን እንዳለባት አልነገርኩትም፤ አንተም እንዳትነግረው። ፍላሿን ከመሰካትህ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብብ። ታላቅህ ነኝ፣ አዝዣለሁ።

ከአራት ወር በፊት የላክልኝን መልእክት ታስታውሳለህ? «ልጄን በእናታችን ስም እጠራታለሁ፤ ግን ጋሊያ የምትባለዋ ሴት ድምፅዋ ምን ዓይነት እንደነበር አላውቅም። ያለችኝ አንዲት የፓስፖርት ፎቶ ናት፤ እሷም ላይ እማዬ አትስቅም» ብለህ ጻፍክልኝ። የዚያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። እማዬ ስትሞት አንተ ገና አምስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ ሁለት። እኔስ ድምፅዋን አልረሳሁም እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። ጆሮዬን አቅንቼ ልሰማት ስሞክር የሚመጣልኝ የአክስታችን የፈትሂያ ድምፅ ነው። ያኔ ነው አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ እማዬ ያለችበት አንድ የቪዲዮ ካሴት ሣጥኗ ውስጥ አለ ብዬ የነገርኩህ።

ከዚያ ወዲያማ ፋታ ነሳኸኝ። «ምንድን ነው የሚያቆይሽ? ሱቅ ወስዶ መስጠት ነው፣ ወደ ኤምፒፎር ይቀይሩታል፣ በስልክ ትልኪዋለሽ፣ አለቀ!» አይ ሚላድ! እዚያ ስትኖር አንዳንዱን ነገር ጨርሰህ ረስተኸዋል። ካሴቱ እኮ የአክስታችን የፈትሂያ ሠርግ ነው፤ ያውም የሴቶቹ ቤት። ፀጉራቸውን ለቀው፣ ክንዳቸውን ገልጠው፣ ሐራቸውን ለብሰው ይጨፍራሉ፤ የቀረጸቻቸውም ሴት ናት። ሱቁ ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ጎረምሶች ናቸው። ለእነሱ ሰጥቼ እናቴንና ጎረቤቶቿን እያዩ ሻይ ይጠጡልኝ? ምን ቆርጦኝ!

የካሴቱን ነገር አስቀድሜ ልንገርህና አንተም እንደኔ አንድ ጊዜ ሳቅ፣ አንድ ጊዜ ተናደድ። ያኔ የሴቶች ሠርግ ካሴት ላይ እውነተኛ ስሙ አይጻፍበትም ነበር። ወንድ አንስቶ እንዳያየው አንዷ «የሕፃናት ክትባት» ብላ ትጽፍበታለች፣ ሌላዋ «የኬክ አሠራር»። እማዬ «የስፌት ትምህርት፣ ሁለት» ብላ ጻፈችበት። ዘዴው ሠራ፤ ከመጠን በላይ ሠራ እንጂ! እሷ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ አባባ ባዶ ካሴት አጥተው ያቺን አነሷት። የስፌት ትምህርት ለማን ይጠቅማል ብለው፣ ወደ ኋላ እንኳ ሳያጠነጥኑ፣ ከቆመበት ጀምረው ኳስ ቀዱበት። ሙሉ ጨዋታ፤ ያውም ዜሮ ለዜሮ የተለያዩበት። ከሁለት ሰዓቱ ሠርግ የተረፈው የመጀመሪያው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነው። የፈትሂያ ቅጂ ደግሞ በጦርነቱ ቤታቸው ሲመታ አብሮ ጠፋ። አባባ ምን እንዳጠፉ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ እኔም አልነግራቸውም። አንተም በስልክ ስታገኛቸው ስለ ካሴት አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

እናም ራሴ ልማር ተነሣሁ። ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የምታስተምር ኢንቲሳር የምትባል ባልደረባ አለችኝ፤ ምላሷ ስለት ነው፣ እጇ ግን ወርቅ። ከእናቷ ቤት አሮጌ ዴክ ይዛልኝ መጣች፣ ዴኩን ከኮምፒውተር የምታገናኝ ትንሽ ሣጥንም ጨመረችልኝ። ካሴቱን አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጫወትነውና ወደ ፋይል ገባ። ፋይሉ ከመግዘፉ የተነሣ ኮምፒውተሬ አቃሰተ። እኔም ያንተን ትእዛዝ ይዤ «በይ ኤምፒፎር አድርጊውና ይህን ግዙፍ አጥፊው» አልኳት። ኢንቲሳር ቀና ብላ አየችኝና «ተብራ፣ አንቺ ሒሳብ ነው ወይስ ስንፍና ነው የምታስተምሪው? ኤምፒፎር እኮ ድስቱ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ወጡ ላይ ነው፤ ምን ያህል ተጨምቆ እንደገባ ነው» አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ቀስራ አስማለችኝ፦ ከካሴቱ የወረደውን ትልቁን ፋይል አልነካውም፣ አልቆርጠውም፣ ስሙን እንኳ አልቀይረውም። በሁለት ዲስክ ቀድቼ አንዱን የእማዬ ሣጥን ውስጥ፣ ሌላውን ፈትሂያ ዘንድ ቆልፌ አስቀምጣለሁ። የምነካካው ቅጂውን ነው። «በስልክ ልኪልኝ ያለሽን ወንድምሽን ደግሞ» አለችኝ፣ «ስልኩ ራሱ ጨምቆ ጨምቆ የእናቱን ፊት የተቀቀለ ድንች እንደሚያደርግበት ንገሪው።» ነግሬሃለሁ።

መቁረጫውን ፕሮግራም በመምረጥ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። መጀመሪያ አንዱን የፊልም ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አወረድኩ፤ ከመቶ ቁልፍ ውስጥ የትኛው ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ድምፁን ከምስሉ አለያየሁትና እማዬ አፏን ሳትከፍት ስትዘፍን አየኋት። ኢንቲሳር አስጠፋችኝና አንድ ቀላል፣ ነፃ የሆነ ፕሮግራም ጫነችልኝ፤ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ያደበዝዛል፣ ድምፅ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። እሱም ቢሆን ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛ፣ ሲጨፍሩ እጃቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቅ ነበር፤ የድሮ ካሴት ጠባይ ነው አሉ፣ አንዲት ምልክት ብታደርግ ይስተካከላል። ሁለተኛ፣ ካሴቱ የተቀረጸው ለድሮው አራት ማዕዘን ቴሌቪዥን ስለሆነ ፕሮግራሙ ወደ ጎን ለጠጠው። ለፈትሂያ ባሳየኋት ጊዜ «ዛሬ ብወፍር አሮጊት ነኝ፣ ይፈቀድልኛል! የሠርጌ ቀን ግን ሸንበቆ ነበርኩ። አስተካክይ!» ብላ ጮኸችብኝ። አስተካከልኩ። በግራና በቀኝ ጥቁር ነገር ብታይ ብልሽት እንዳይመስልህ።

ዋናው ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንተ ለእማዬ ልጅ ነህ፣ ለፈትሂያም የእህት ልጅ፤ እነሱን ብታይ ነውር የለበትም። የቀሩት ሴቶች ግን ለአንተ ባዕድ ናቸው። ስለዚህ በቪዲዮው ላይ ፊታቸው የሚታየውን እየቆጠርኩ በየቤታቸው ሄድኩ። የአጎታችን ሚስት ኑወይራ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሳቁብኝ፤ «ጡቴን አጥብቼዋለሁ፣ ልጄ ነው! ከፈለገ የዛሬውን ሽበቴንም ላኪለት» አሉኝ። አንዷ ሞታለች፤ ልጅዋ ብዙ አሰበችና «እናቴ ጭፈራ የምትወድ ሰው ነበረች፣ ትታይ» አለችኝ። ሁለቱ ፊታችንን ሸፍኚው አሉ፤ እሺ ብዬ አደበዘዝኳቸው። የሚጨፍሩ ጉሞች ካየህ እነሱ ናቸው።

የቀሩት ሐጃ ማብሩካ ነበሩ። ያ ከኛ ግቢ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር የሳቸው ነው፤ የእማዬ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ለውዝ የገባበት ሻይ አቀረቡልኝ፣ ነገሬን በጽሞና ሰሙኝ፣ ከዚያም «ልጄ፣ ጋሊያን እወዳት ነበር። ፀጉሬን ግን ከሐጅ ከተመለስኩ ወዲህ ባዕድ ወንድ አላየውም። ዛሬ ሸብቷል፣ ያኔ እስከ ወገቤ ነበር፤ ያም ሆነ ይህ ፀጉሬ የራሴ ነው። አይሆንም» አሉኝ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ጣጣው ምን እንደሆነ ልንገርህ። በአሥራ ዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ እማዬ ብዙ ጊዜ አለች፤ ግን ወይ ጀርባዋን ሰጥታ ትጨፍራለች፣ ወይ ትሪ ይዛ ታልፋለች። ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች የምትስቀው አርባ ሰከንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ከሐጃ ማብሩካ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ነው የተቀመጡት። ማደብዘዣውን እሳቸው ላይ ሳደርገው የእማዬ ግማሽ ፊት አብሮ ይሄዳል። ሳጠበው የሳቸው ፀጉር ብቅ ይላል። አጉልቼ እማዬን ብቻ ላስቀር ብል ፊቷ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ሆነ። አምስት ቀን ታገልኩ። ኢንቲሳር እንኳ ሰለቻትና «አንቺ፣ ልጁ ያለው ጀርመን፣ ሴትዮዋ ያሉት ትሪፖሊ፣ ሱቅ አል ጁምዓ ሰፈር። በየት በኩል ይሰማሉ? ላኪው!» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሚላድ፤ ልልከው ነበር። ሳላደበዝዝ አዘጋጅቼ፣ ስምህን ጽፌበት፣ ፍላሿ ላይ ጭኜው ነበር። በማግስቱ ሐጃ ማብሩካን አትክልት ተራ አገኘኋቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰላም አልኳቸው። እሳቸው ጉንጬን ሳሙኝና «ያንን ነገር እንቢ ስልሽ ሳትቀየሚኝ በመቅረትሽ በእውነት የእናትሽ ልጅ ነሽ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ገብቼ ከፍላሿ አጠፋሁት፣ አርባውን ሰከንድም ከቅጂው ቆረጥኩት። ፕሮግራሙ ሁለቱን ጫፍ በአንድ አፍታ ገጠመልኝ፤ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ምነው እንዲህ ቀላል ሆነ ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ላሳያቸው ብዬ ኮምፒውተሩን ይዤ ወደ ሰማያዊው በር ሄድኩ። እንደቆረጥኩት አይተው ልባቸው እንዲያርፍ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አዩና «የቆረጥሽውንስ አላየውም?» አሉኝ። ትልቁን ፋይል አልነካሁትምና ዲስኩን ከእማዬ ሣጥን አምጥቼ ከፈትኩላቸው። አንድ ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ይሄ ጭኔ ላይ የተጋደመው ማነው?» አሉ። «ሚላድ ነው» አልኳቸው። «የትኛው ሚላድ?» «ሚላድ ነዋ፣ ሐጃ! ይህን ቪዲዮ ላኪልኝ የሚለኝ ወንድሜ።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ እኮ! ዓይኔ የእማዬ ፊትና የሐጃ ማብሩካ ፀጉር ላይ ብቻ ስለነበር አንተን ከቁም ነገር አልቆጠርኩህም። አራት ዓመትህ ነው። ያኔ ትንንሽ ወንዶች ከእናታቸው ጋር የሴቶቹ ቤት ይገቡ የለ? በእማዬና በሳቸው ጭን ላይ ተዘርግተህ የሐጃ ማብሩካን ፀጉር ጣትህ ላይ ጠምጥመህ፣ ጫፉን አፍህ ውስጥ ከተህ ትጠባለህ። ሐጃ ማብሩካ ተንፈቅፍቀው ሳቁ። «ይሄ ቀበጥ ፀጉሬን በልቶታል እኮ! በልቶ የጨረሰውን ነው የምደብቀው?» አሉ። ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ እኔም አብሬ አነባሁ። ፊታቸውን ከጠረጉ በኋላ «ሼኩን ብጠይቃቸው ያኔ ሕፃን ነበር፣ ዛሬ ወንድ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው። ስለዚህ አልጠይቃቸውም። ልጁ እዚያው ነበረ፤ ያየውን ነው የሚያየው። መልሺለት» አሉኝ።

ያንኑ ቀን መለስኩልህ። እሳቸው በምላሹ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ አርባውን ሰከንድ ለሳቸው ቴሌቪዥን። ባላቸው፣ አላህ ይማራቸውና፣ የወጣትነት ፎቶዎቻቸውን በሙሉ ቀዳደውባቸው ነበር፤ ሐጃ ማብሩካ በዚያ ዕድሜ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ነገር በዓለም ላይ የላቸውም። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ነው፤ ኤምፒፎሩን ብሰካለት «ይህን ፋይል አላውቀውም» እያለ መለሰኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በመጨረሻ በድሮው በኤቪአይ ስሠራላቸው ተቀበለ። አሁን የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሴቶቹን ማለቴ ነው፣ እየሰበሰቡ «ያቺ ማን ትመስላችኋለች?» እያሉ ያስገምታሉ አሉ።

እንግዲህ አደራዬን ስማኝ። ፍላሿ ላይ ያለው አንድ ኤምፒፎር ነው፤ ብዙም አልጨመቅኩትም፣ የእናንተ ኮምፒውተርም ቴሌቪዥንም ያነበዋል። በስልክ ለማንም እንዳትልከው፣ ኢንተርኔት ላይም እንዳታስቀምጠው። ጓደኛ ጠርተህ እንዳታሳይ። ከሂንድ ጋር እየው። ትንሿ ጋሊያ ሴት ናት፤ ስታድግ እንደልቧ ትየው። ለእያንዳንዷ ሴት ስለ አንተ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ አንገቴን እንዳታስደፋኝ።

አባባ ብዙ ሰላም ብለውሃል፤ «ካልሲ» ብለሽ ጻፊለት ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ሻዕባን ጄኔሬተሩ ሥር ተኝቶ ሰላም በይልኝ ይልሃል። ፈትሂያ «ዓይኑን ሳሚልኝ» ብላለች፤ ሸንበቆ እንደነበረች በዓይንህ እንድትመሰክርላትም ትፈልጋለች። ኢንቲሳር ባታውቃትም ሰላም ብላሃለች፣ የተቀቀለ ድንቹን እንዳትረሳ። ሐጃ ማብሩካ «ፀጉሬን መልስልኝ በይው» ብለዋል። ሂንድን በእኔ ስም እቀፋት፤ ትንሿን ደግሞ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ ሳምልኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ቀርቶኛል። አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከሐጃ ማብሩካ ጭን ወርደህ ትጠፋለህ። ከዚያ ዘፈኑ ጋብ ሲል የእማዬ ድምፅ ብቻውን ይሰማል። ትንሽ ጎርነን ያለ ነው፤ ስትስቅ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ልክ አንተ እንደምትስበው። «ሚላድ! ሚላዴ! የት ገባህ አንጀቴ?» ትላለች። ሁለት ጊዜ ትጣራለች። ወዲያው ፊሽካ ይነፋል፤ ኳሱ ነው። ኳሱን ከነጭራሹ ልቆርጠው ነበር፣ ሦስት ሰከንድ ተውኩልህ፤ እኔ እንዳልቆረጥኳት እንድታውቅ ነው። የት ተደብቀህ እንደነበር፣ ምን ብለህ እንደመለስክላት አላውቅም፤ ካሴቱ ላይ የለም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ልጅህን ታቀፍና ድምፁን ከፍ አድርግ። ስትጠራህ «አቤት እማዬ» በላት።

እህትህ ተብራ
ትሪፖሊ፣ ሱቅ አል ጁምዓ
ኖቬምበር 14 ቀን 2024